መልካቸው አንድ፣ ግብራቸው ልዩ ልዩ፦ የወባ ትንኞችን በዘር ውርስ ጥናት የመለየት ታሪክ

የሰው ልጅ ከወባ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ብዙ ጊዜ የተሸነፈው የጦር መሣሪያ አጥቶ ሳይሆን የጠላቱን ማንነት ለይቶ ባለማወቁ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአገራችን ተረት ስለ ሕመምተኛው የተነገረ ቢሆንም፣ በወባ ረገድ ስለ ተላላፊዋ ነፍሳትም በትክክል ይሠራል። ምክንያቱም የወባ ትንኝ በመልኳ ማንነቷን ትሸሽጋለች። በማይክሮስኮፕ ሥር ብትታይ ከእኅቷ በምንም የማትለይ ትንኝ፣ በአመጋገቧና በመዋያዋ ፈጽሞ የተለየች ሆና ትገኛለች። አንደኛዋ ሰውን ነድፋ በሽታ ስታስተላልፍ፣ ሌላይቱ የከብት ደም እየመጠጠች ለሰው ጤና ምንም ሳታሰጋ ትኖራለች። ይህን ምሥጢር የገለጠው የዘር ውርስ ጥናት ሲሆን፣ የጥናቱም አንድ ጉልህ ምዕራፍ የተጻፈው በኢትዮጵያ ምድር ነው።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ሊቃውንት ብቻ ጉዳይ አይደለም። የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አዘናን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ከተማይቱ የምትገኝበት የአዊ አገር ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት ምድር ነው። ከእንጅባራና ከዘንገና ሐይቅ ብርዳም ከፍታ ተነሥቶ ወደ በለስና ወደ አባይ ተፋሰስ ቆላዎች የሚወርድ ሰው፣ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ወባ ከማይታወቅበት አየር ወደ ወባ አገር ይገባል። አባቶቻችን ይህንን በልምድ ያውቁት ነበር። ንዳድ ይሉት የነበረውን ትኩሳት ከቆላ አየር ጋር አያይዘው ይፈሩት ስለነበር፣ ለእርሻም ሆነ ለንግድ ወደ ቆላ የሚወርደው ደገኛ ወቅት ይመርጥ ነበር። ዳሩ ግን በደጋና በቆላ መካከል ያለው ወሰን እንደ ድንጋይ አጥር የጸና አይደለም። ዝናብ ሲበዛና ሙቀት ከፍ ሲል ወባ ሽቅብ ይወጣል፤ ሰውም ለኑሮው ሲል ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ በጎጆው ግድግዳ ላይ ያረፈችውን ትንኝ ማንነት ማወቁ ሥራው የሚመሠረትበት መነሻ ነው።

የአውሮፓ እንቆቅልሽ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮናልድ ሮስ በ1897 በሕንድ አገር የወባን ተውሳክ በአኖፊለስ ትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ ካገኘና፣ ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲም በተከታዩ ዓመት በኢጣልያ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። አኖፊለስ ባለበት ወባ አለ፤ አኖፊለስ ከጠፋ ወባ ይጠፋል ተባለ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ይህን ደንብ የሚያፈርስ ሐቅ ተገኘ። በሆላንድ፣ በጀርመንና በኢጣልያ ልዩ ልዩ ክፍሎች አኖፊለስ ማኩሊፔኒስ የምትባለው ትንኝ በብዛት ትገኛለች፤ ወባ ግን በአንዳንዱ ሥፍራ ሲያይል በሌላው ሥፍራ ጨርሶ የለም። ተመራማሪዎች ይህን ሁኔታ «ወባ የሌለበት አኖፊለስ» ብለው ሰየሙት፤ ለብዙ ዓመታትም ምክንያቱን መግለጽ አቃታቸው።

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ከእንቁላሎቹ ነው። ፋሌሮኒ የተባለው የኢጣልያ የጤና ጥበቃ ሠራተኛ በ1926 የተለያዩ እናቶች የጣሏቸውን እንቁላሎች አስተያይቶ፣ በቀለማቸውና በጌጣቸው እንደሚለያዩ አስተዋለ። ከእያንዳንዱ ዓይነት እንቁላል የሚፈለፈሉት ትንኞች በመልክ አንድ ቢሆኑም፣ ልጆቻቸው ምንጊዜም የእናታቸውን ዓይነት እንቁላል ይጥሉ ነበር። በሆላንድም ቫን ቲል በ1927 አጭር ክንፍ ያላት ዝርያ ከረጅም ክንፏ እንደምትለይ አመለከተ። በኋላም አንድ ዝርያ ስትባል የኖረችው ማኩሊፔኒስ ብዙ ዝርያዎችን በአንድ ስም ያቀፈች ሆና ተገኘች። ከእነዚህም ጥቂቶቹ ብቻ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ፤ የቀሩት ለከብት ያደላሉ። በ1940ዎቹ ማለቂያ ኢጣልያዊው ፍሪዚ የእነዚሁን ትንኞች ክሮሞዞም በመመርመር፣ በእንቁላል የታየው ልዩነት በዘር ውርስ አካላቸውም ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ አሳየ።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ቢመስልም ጥልቅ ነበር። አንድ ዝርያ ማለት የመልክ መመሳሰል ሳይሆን እርስ በርስ ተዋልዶ ፍሬ መስጠት መሆኑን ትንኞቹ ራሳቸው መሰከሩ።

የጋምቢያ ትንኝ

በአፍሪካ ከሁሉ የከፋችው የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ ጋምቢያ ተብላ የምትታወቀው ናት። ስሟን ያገኘችው በ1902 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል ከሰሐራ በታች ያለውን አብዛኛውን አህጉር የምትሸፍን አንዲት ዝርያ ተብላ ተቆጠረች። ይሁን እንጂ ጠባይዋ አንድ ወጥ አልነበረም። በአንዱ አገር ቤት ውስጥ አድራ ሰውን ስትነድፍ፣ በሌላው ሜዳ ላይ ውላ ከብት ትነድፋለች። አንዳንዶቹ በጨዋማ የባሕር ዳር ውሃ፣ ሌሎቹ በዝናብ ኩሬ ይራባሉ። ጨዋማ ውሃ የሚወዱት የተለዩ መሆናቸው በ1940ዎቹ ቢታወቅም፣ በጨው አልባ ውሃ የሚራቡት ግን አሁንም እንደ አንድ ይታዩ ነበር።

ምሥጢሩ የተገለጠው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ናይጄሪያ ዲልድሪን የተባለውን ፀረ ተባይ መድኃኒት የተቋቋሙ ትንኞች ተገኙ። በሎንዶን የሮስ ኢንስቲትዩት ባልደረባ የነበረው ጆርጅ ዴቪድሰን የመቋቋም ኃይሉ እንዴት እንደሚወረስ ለማወቅ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ትንኞችን በላቦራቶሪ እያዳቀለ ይመረምር ጀመር። በዚህ ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር ገጠመው። አንዳንዱ ዲቃላ ጤናማ ልጅ ሲሰጥ፣ ከአንዳንዱ ማዳቀል የተወለዱት ወንዶች ግን በሙሉ መካን ሆነው ተገኙ። በበቅሎ ላይ እንደሚታየው ሁሉ፣ የዲቃላው መካንነት ወላጆቹ የአንድ ዝርያ አለመሆናቸውን የሚያስረዳ ምስክር ነው። በዚህ መሠረት በ1962 ዝርያ «ሀ» እና ዝርያ «ለ» ተለይተው ታወቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ፓተርሰን በደቡባዊ አፍሪካ ሦስተኛዋን ዝርያ አከለ። ፊደሎቹ ለጊዜው የተሰጡ መጠሪያዎች ነበሩ። በ1977 ማቲንግሊ ትክክለኛ ስሞችን ሲያጸድቅ፣ ዝርያ «ሀ» አኖፊለስ ጋምቢያ የሚለውን የቀድሞ ስም ያዘች፤ ዝርያ «ለ» ፓተን በ1905 ከኤደን አካባቢ ለተገኙ ትንኞች የሰጠውን አኖፊለስ አራቢየንሲስ የሚለውን ስም ወረሰች፤ ሦስተኛዋም አኖፊለስ ኳድሪአኑላተስ ተባለች።

ይህ እውቀት ዘግይቶ በመገኘቱ ምን ያህል ታሪክ በተሳሳተ ስም እንደተጻፈ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ማንሣት ይበቃል። በ1930 ከአፍሪካ ወደ ብራዚል የተሻገረች ትንኝ በዚያ አገር ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ታላቅ የወባ እልቂት አስከትላ ነበር። ፍሬድ ሶፐር የመራው ዘመቻ በ1940 ከብራዚል ጨርሶ እስኪያጠፋት ድረስ፣ በመጻሕፍት ሁሉ የተመዘገበችው አኖፊለስ ጋምቢያ ተብላ ነው። በሙዚየም ተቀምጠው ከቆዩት ናሙናዎች የተወሰደው ዲ.ኤን.ኤ. በ2008 ሲነበብ ግን ወራሪዋ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ሆና ተገኘች። ይህች ደግሞ በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ናት።

ክሮሞዞም እንደ መጽሐፍ

ትንኞችን አዳቅሎ ወንዶቹ ልጆች መካን መሆናቸውን መመርመር የጸና ማስረጃ ቢሆንም፣ በመስክ ለሚሠራ ሰው የማይመች አድካሚ ሥራ ነው። ሕይወት ያላት ትንኝ ያስፈልጋል፤ እንቁላል መጣል አለባት፤ ልጆቿም ማደግ አለባቸው። ስለዚህ ከሞተች ትንኝ ማንነቷን ለማንበብ የሚያስችል ዘዴ ተፈለገ።

ዘዴው የተገኘው ከግዙፎቹ ክሮሞዞሞች ነው። በአብዛኞቹ የእንስሳት ሕዋሶች ክሮሞዞም እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ዝርዝሩን ማየት አይቻልም። በዝንብና በትንኝ ወገን ግን በአንዳንድ ሕዋሶች ውስጥ ክሩ ሳይለያይ በተደጋጋሚ ስለሚባዛ፣ እንደ ተገመደ ገመድ ወፍሮ ጥቁርና ነጭ ሸንተረሮች ያሉት ሆኖ ይታያል። ባልቢያኒ ይህን በ1881 አይቶት ነበር፤ ትርጉሙ የተረጋገጠው ግን በ1930ዎቹ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ በተደረገ ጥናት ነው። የሸንተረሮቹ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ዝርያ የተወሰነ በመሆኑ፣ አንድ ክፍል ከሥሩ ተቆርጦ ተገልብጦ ቢቀጠል ግልባጩ ለዓይን ይታያል። አንድ ሰው በመጽሐፍ መካከል ያሉ ገጾች በተገላቢጦሽ ተጠርዘው ቢያገኝ ወዲያው እንደሚያውቀው ሁሉ፣ የክሮሞዞም አንባቢም ግልባጩን አይቶ የዝርያዋን ስም ይናገራል።

በዚህ ረገድ የኢጣልያዊው የማሪዮ ኮሉዚ ስም ከሁሉ በፊት ይነሣል። ኮሉዚና ባልደረቦቹ ከ1960ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ የጋምቢያ ወገን ትንኞች በተለይ «ኤክስ» በተባለው የጾታ ክሮሞዞም ላይ ባሉት ግልባጮች እንደሚለዩ አሳዩ። አራቢየንሲስ የራሷ የሆኑ፣ ከሌሎቹ የሚለዩዋት ግልባጮች አሏት። ንባቡ መጀመሪያ በዕጮች የምራቅ ዕጢ ላይ ይሠራ ነበር፤ በኋላ ግን ደም መጥጣ እንቁላሏ በከፊል የደረሰ እንስት ትንኝ የእንቁላል ዕጢም እንዲሁ ሊነበብ እንደሚችል ታወቀ። ይህም ለመስክ ሥራ ትልቅ እርምጃ ሆነ። ምክንያቱም በቤት ግድግዳ ላይ የተያዘችው ትንኝ ሆዷ ተከፍቶ ዕጢዋ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ድብልቅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሆዷ ያለው ደምም ከሰው ይሁን ከከብት ለብቻው ይመረመራል። ስለዚህ ከአንዲት ትንኝ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያገኛሉ፤ ይህች ማን ናት? ማንንስ ነደፈች?

በኢትዮጵያ

በአገራችን የወባን ጉዳይ የመንግሥት ዐቢይ ሥራ ያደረገው የ1958 ወረርሽኝ ነው። በዚያ ዓመት ከክረምቱ መግቢያ እስከ ዓመቱ ማለቂያ ድረስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አገሮች ጭምር ወባ ተስፋፋ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 150,000 ያህል እንደ ሞቱ በወቅቱ የተደረገው ጥናት ገምቷል። ደገኛው ሕዝብ በሽታውን ለመቋቋም የሚያስችል የለመደ ሰውነት ስላልነበረው ጉዳቱ ከፍ አለ። በተከታዩ ዓመት በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ቤቶችን በዲ.ዲ.ቲ. የመርጨት ሥራም እየሰፋ ሄደ።

ርጭት ያለ ትንኝ እውቀት የጭፍን ሥራ ስለሆነ፣ ከዘመቻው ጎን ለጎን የነፍሳት ጥናት ተካሄደ። ቬሮኔ በ1962 የኢትዮጵያን አኖፊለሶች ለመለየት የሚረዳ መመሪያ አሳተመ፤ ኦኮነርም በ1967 ሥርጭታቸውን ዘርዝሮ አቀረበ። በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የአኖፊለስ ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል። እነዚህ ሥራዎች ሁሉ የተመሠረቱት በመልክ፣ ማለትም በክንፍ ነጠብጣብ፣ በእግር ቀለበትና በአፍ ክፍሎች ላይ ስለነበረ፣ የጋምቢያ ወገን ትንኞች በአንድ ስም ተጠቃለው ቀሩ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የክሮሞዞም ንባብ ለኢትዮጵያ ናሙናዎች ሲውል ሥዕሉ ተለወጠ። ተርነር በ1972 ባቀረበው ዘገባ በኢትዮጵያ ዝርያ «ለ» እና ሦስተኛዋ ዝርያ እንደሚገኙ አስታወቀ። በሌላ አነጋገር ምዕራብ አፍሪካን ያስጨነቀችው ጋምቢያ ሳትሆን፣ አራቢየንሲስና ኳድሪአኑላተስ ናቸው በአገራችን የሚገኙት ማለት ነው። በ1980 ዋይት፣ ተስፋዬ፣ ቦርሃምና ለማ ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ለመስክ ሠራተኞች ትዕግሥት መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። ከመስክ ተሰብስበው ለ6 ዓመታት ተከማችተው የቆዩ ዝግጅቶችን አውጥተው ክሮሞዞሞቹን አነበቡና ሁለቱ ዝርያዎች ወባን በማስተላለፍ ረገድ ያላቸውን ድርሻ ለያዩ። ከዚህና ከተከታዮቹ ጥናቶች እንደታየው፣ ወባን የምታስተላልፈው አራቢየንሲስ ስትሆን ሌላይቱ ለከብት የምታደላ ናት።

የዚህ ልዩነት ፋይዳ በሥራ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ቢቆጠሩ፣ ከብት ጋጣ ውስጥ የተያዙት ምንም የማያሰጉ ትንኞች ሁሉ በአስተላላፊነት ይመዘገባሉ። አደጋው ከእውነተኛው በላይ ይጋነናል፤ በተውሳክ የተያዙት ትንኞች መጠን ደግሞ ከእውነተኛው በታች ይታያል። አንዱ ስሕተት ሌላውን ስለሚሸፍን ዘመቻው ይረዳ አይረዳ ለመመዘን ያስቸግራል።

የጅማዋ ትንኝና የአማርኛው ስም

የኢትዮጵያዋ ኳድሪአኑላተስ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በደቡባዊ አፍሪካ የምትገኘውና በጅማ አካባቢ የምትገኘው በክሮሞዞም ንባብ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠሩ የኖሩ ቢሆንም፣ በመካከላቸው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት አለ። ሪቻርድ ሃንት፣ ሞሪን ኩትሲና ኢትዮጵያዊው ኤም. ፈጠነ በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ዴቪድሰን ከ36 ዓመታት በፊት ወደ ተጠቀመበት አንጋፋ ዘዴ ተመለሱ። የጅማዋን ትንኝ ከደቡብ አፍሪካዋ ጋር አዳቀሏቸው። የተወለዱት ወንዶች መካን ሆኑ፤ በሴቶቹም ዲቃላዎች ውስጥ ከእናትና ከአባት የተወረሱት ክሮሞዞሞች እንደ ሌላው ጊዜ ተጣምረው ሳይሄዱ ተለያይተው ታዩ። ስለሆነም የጅማዋ ትንኝ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ ተረጋገጠና ለጊዜው ኳድሪአኑላተስ ዝርያ «ለ» ተባለች። ከ15 ዓመታት በኋላ በ2013 ሃንት፣ ዊልከርሰንና ኩትሲ ቋሚ ስም ሰጧት፤ አኖፊለስ አምሃሪከስ።

በሳይንስ መዝገብ ውስጥ አማርኛን የሚያስታውስ ስም የተሸከመችው ይህች ትንኝ፣ ለአማርኛ ተናጋሪው ወባን አታመጣም። ከጋምቢያ ወገን መካከል ለሰው ጤና ከማያሰጉት አንዷ ናት። በዚያው ዓመት ኮሉዚን ለማክበር አኖፊለስ ኮሉዚ የተባለችው ዝርያም ስለተሰየመች የወገኑ ዝርያዎች ቁጥር 8 ደረሰ፤ በ2019 ደግሞ ከጋቦን የተገኘች ሌላ ዝርያ ተጨመረች።

ከክሮሞዞም ወደ ዲ.ኤን.ኤ.

ክሮሞዞም ማንበብ ብርቱ ልምድ የሚጠይቅ ጥበብ ነው። በአንድ አገር ውስጥ በደንብ የሚያነቡት ሰዎች ቁጥር ሁልጊዜ ጥቂት ነበር። ከዚህም በላይ በትክክለኛው ደረጃ ላይ ያለች እንስት ካልተገኘች፣ ወይም የተያዘው ወንድ ከሆነ፣ ንባቡ አይቻልም። ካሪ ሙሊስ በ1983 የፈለሰፈው ፒ.ሲ.አር. የተባለው ዲ.ኤን.ኤ.ን የማባዛት ዘዴ ይህን ችግር አቃለለ። በ1993 ስኮት፣ ብሮግደንና ኮሊንስ ለጋምቢያ ወገን የሚሆን የፒ.ሲ.አር. ምርመራ አዘጋጁ። አሠራሩ በአጭሩ ሲገለጽ፣ የየዝርያው ዲ.ኤን.ኤ. በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ ለእያንዳንዱ ዝርያ የሚገጥም ማስጀመሪያ ክር ይጨመርበታል። የተባዛው ቁራጭ ርዝመቱ የዝርያዋን ስም ይናገራል። ርዝመቱ በዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ጥንድ ሲቆጠር ለአራቢየንሲስ 315፣ ለጋምቢያ 390፣ ለኳድሪአኑላተስ 153 ነው። ለዚህ ሁሉ የምታስፈልገው የደረቀች ትንኝ አንድ እግር ብቻ ናት፤ የቀረው አካሏ ለሌላ ምርመራ ይተርፋል። በ2003 ፈጠነና ተሙ የኢትዮጵያዋን ዝርያ «ለ» ለብቻዋ የሚለይ ማስጀመሪያ አወጡላት።

ፒ.ሲ.አር. ይዞት የመጣው ሌላው ጥቅም፣ ፀረ ተባይ መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይም በዚያው ናሙና ላይ እንዲነበብ ማስቻሉ ነው። በ2010 ደለነሣው የኋላውና ባልደረቦቹ በግልገል ጊቤ አካባቢ በተያዙ የአራቢየንሲስ ትንኞች ላይ ዲ.ዲ.ቲ.ንና ፓይረትሮይድ የተባሉትን መድኃኒቶች ለመቋቋም የሚያግዘውን የዘር ለውጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ። የዴቪድሰን ጥያቄ መነሻው የመድኃኒት መቋቋም ነበር፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ዝርያን መለየትና መቋቋምን መመርመር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

የቡሬ በቆሎና የአዘና ገበሬ

ከአዘና ብዙም በማይርቀው በቡሬ አካባቢ በ1998 የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ፣ የትንኝን ማንነት ማወቅ እስከ እርሻ ድረስ እንደሚያደርስ ያስረዳል። የማነ የኢብዮና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የአራቢየንሲስ ዕጮች ከበቆሎ አበባ ወደ ኩሬ የሚረግፈውን ዱቄት በልተው ፈጥነው እንደሚያድጉ አረጋገጡ። አስናቀው ከበደ፣ ጄምስ ማካንና ባልደረቦቻቸውም በ2005 በቡሬ ቀበሌዎች ባደረጉት ጥናት፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ሥፍራዎች የወባ ሕመም በቆሎ ከማይበዛባቸው ይልቅ እጅግ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳዩ። ዘግይተው የሚያብቡ የተሻሻሉ የበቆሎ ዘሮች ዱቄታቸውን የሚያረግፉት ትንኞች በሚራቡበት ወቅት መሆኑም ተመለከተ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር፣ ይህ ሰንሰለት የሚያያዘው ኩሬው ውስጥ ያለችው ዕጭ የማን እንደሆነች ሲታወቅ ብቻ መሆኑ ነው። በበቆሎ ማሳ ዳር ያለው ኩሬ ውስጥ ያሉት ዕጮች ሰውን የማይነድፉ ዝርያዎች ቢሆኑ፣ ገበሬው ማሳውን ከቤቱ እንዲያርቅ የሚሰጠው ምክር ከንቱ ድካም ይሆናል። የአራቢየንሲስ መሆናቸው ከተረጋገጠ ግን ምክሩ የሰው ሕይወት ያድናል። በአዊ አገርም በቆሎ በሚዘራባቸው ወይና ደጋና ቆላ ቀበሌዎች ጥያቄው ያው ነው። አራቢየንሲስ ከቤት ውጭ የመንደፍና ከብትንም የመቅመስ ጠባይ ስላላት፣ የቤት ውስጥ ርጭትና አጎበር ብቻቸውን ሙሉ በሙሉ ላይመክቷት ይችላሉ። ከብት ከሰው ጋር በሚያድርባቸው ቤቶች ይህ ጉዳይ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

አዲሲቱ እንግዳ

ታሪኩ ያለፈ ነገር ብቻ እንዳይመስል የሚያደርገው የአኖፊለስ እስቴፈንሳይ ጉዳይ ነው። ይህች ትንኝ የደቡብ እስያና የዐረብ ምድር ነዋሪ ስትሆን፣ በአፍሪካ ቀንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበረው የጅቡቲ የወባ ሕመምተኞች ቁጥር በ2020 ከ73,000 በላይ ደረሰ። በኢትዮጵያ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተማ የተያዙ ትንኞች በመልካቸው አጠራጣሪ ሆነው ተገኙ። ታማር ካርተር፣ ሰሎሞን ያሬድና ባልደረቦቻቸው ዲ.ኤን.ኤ.ያቸውን አንብበው እስቴፈንሳይ መሆኗን በ2018 አስታወቁ።

በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የአፍሪካ አኖፊለሶች መለያ መመሪያ በ1987 የታተመው ሲሆን፣ እስቴፈንሳይ በውስጡ አልነበረችም። መመሪያውን ደረጃ በደረጃ በትክክል የተከተለ ባለሙያ እንኳ ወደ ሌላ ዝርያ ስም ሊደርስ ይችል ነበር። እርሷን የጨመረው አዲስ መመሪያ የታተመው በ2020 ነው። መሸሻ ባልከውና ባልደረቦቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተመረጡ 10 ከተሞች ባደረጉት ፍለጋ በሁሉም አገኟት፤ ከእነዚህም አንዷ በአማራ ክልል የምትገኘው ባቲ ናት። በ2022 በድሬዳዋ የተከሰተው ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ተረጋገጠ።

እስቴፈንሳይ ከአራቢየንሲስ የምትለየው በስም ብቻ አይደለም። የምትራባው በከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜሎች፣ በሮቶዎችና በግንባታ ሥፍራ ጉድጓዶች ስለሆነ ክረምትን አትጠብቅም። ወባን የገጠርና የዝናብ ወቅት በሽታ አድርጎ የለመደው አእምሮ እርሷን ለመቀበል ይከብደዋል። ስለዚህ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ በአዘናም ሆነ በቻግኒ፣ ከከተማ በርሜል የተቀዳች የአኖፊለስ ዕጭ «የተለመደችው ናት» ተብላ ልትታለፍ አይገባም።

ከትንኝ ባሻገር

ይኸው ትምህርት በሌሎች በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትም ላይ ደርሷል። የወንዝ ዓይነ ስውርነት በመባል የሚታወቀውን በሽታ የምታስተላልፈው ሲሙሊየም ዳምኖሰም የተባለችው ጥቁር ዝንብ አንዲት ዝርያ ትባል ነበር። ዳንባር በ1966 በኡጋንዳ በክሮሞዞም ንባብ አራት መንትያ ዝርያዎችን ለይቶ አወጣ። በአገራችንም ማሙዬ ሃዲስና ባልደረቦቹ በ2005 በደቡባዊ ኢትዮጵያ የሚገኙትን የዚህ ወገን ዝንቦች በክሮሞዞማቸው ለይተው፣ የከፋንና የኩልፎ ወንዝን ስም የያዙ ዝርያዎችን አስመዘገቡ። በሽታው በሰሜን ምዕራብ ቆላዎቻችንም ስለሚገኝ፣ ይህ እውቀት ለአዊ አጎራባች ወንዞችም ይጠቅማል።

የእጅ ጥበብና የመሣሪያ ዘመን

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተፈራረቁት ዘዴዎች፣ ማለትም እንቁላል፣ ዲቃላ፣ ክሮሞዞምና ዲ.ኤን.ኤ.፣ አንዱ ሌላውን ሽሮ የመጣ አይደለም። የጅማዋን ትንኝ ማንነት የፈታው የመጨረሻው መሣሪያ ሳይሆን የመጀመሪያው፣ ማዳቀል ነበር። የቀብሪ ደሃሯን እንግዳ ያጋለጠው ዲ.ኤን.ኤ. ቢሆንም፣ ከሁሉ በፊት መልኳ ከለመደው እንደማይገጥም ያስተዋለ የሰለጠነ ዓይን ነበር። ዓይኑ ባይጠራጠር ኖሮ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ባልሄደ ነበር።

የሙያ ባልደረቦች ከዚህ የሚያገኙት ትምህርት በተግባር ሲገለጽ ጥቂት ነው። በወረዳ ደረጃ የሚሠራ ባለሙያ ክሮሞዞም እንዲያነብ አይጠበቅበትም፤ ግን የያዛትን ትንኝ አድርቆ፣ የተያዘችበትን ቀን፣ ሥፍራና ሁኔታ ጽፎ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከቤት ውስጥ ወይስ ከውጭ፣ ከሰው አጠገብ ወይስ ከከብት፣ ከማሳ ኩሬ ወይስ ከከተማ በርሜል መሆኑን መመዝገብ ምንም ዓይነት መሣሪያ አይጠይቅም። በሙዚየም የተገኙት የብራዚል ደረቅ ትንኞች ከ60 ዓመታት በላይ ቆይተው፣ የኢትዮጵያም ዝግጅቶች 6 ዓመት ተከማችተው ለጥያቄ መልስ የሰጡት በትክክል ተቀምጠውና ተመዝግበው ስለነበረ ነው። በአዘና ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ዛሬ በወረቀት ተጠቅልላ ስሟ የተጻፈባት አንዲት ትንኝ፣ ነገ ለሚነሣው ጥያቄ መልስ ልትሆን ትችላለች።